ሦስት ሌሊት በግጭ መንደር



እንግዳን ስለማክበር ያልተነገረን የለም። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለማያውቋቸው እንግዶች የሰባ ጥጃ ጠብሰው ማቅረባቸውን ገና በመድረሳ ምንጣፍ ላይ ሳለን ሰምተናል። ስለ እንግዳ መብት ብዙ ተምረናል፤ ለተማሪዎቻችንም አስተምረናል። የአስተናጋጅ መብት ግን ለእኛ በኪታብ ያነበብነው ነገር ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ትርጉሙ የገባን በ2006 ዓ.ም. በትምህርት አጋማሽ ዕረፍት፣ በሰሜን ተራሮች ላይ በነበረችው የግጭ መንደር ሦስት ሌሊት ካደርን በኋላ ነው። "በነበረችው" ያልነው በስህተት አይደለም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን፣ ኢንሻአላህ።

ወደ ግጭ

ያን ጊዜ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ሁለታችንም ጎንደር ከተማ ውስጥ እናስተምር ነበር። ስለ ራስ ደጀን ከፍታና ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም ስለማይገኘው ዋልያ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ነገር ግን አንዱንም በዓይናችን አይተን አናውቅም። "የማያውቁትን ማስተማር እስከ መቼ?" ተባባልንና ስንቃችንን ቋጥረን ተነሣን።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው ሁሉ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተመድቦለት ይሄዳል። እኛም ይህን ፈጽመን ድንኳን ልንከራይ ስንል አንድ የምናውቃቸው የጨርቅ ነጋዴ ከለከሉን። "ገና ሙሽሮች ሆናችሁ በውርጭ ሜዳ ላይ ልታድሩ ነው? ግጭ የእኛ ወንድሞች አገር ነው። ለወዳጄ የእኔ እንግዶች ናችሁ በሉት፤ ይበቃል" አሉን። ደብዳቤም አልጻፉልን። እውነትም ያ ቃል በቃ።

የግጭ ሰዎች ሙስሊሞች ነበሩ። ገብስ እያረሱ፣ በግና ከብት እያረቡ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ ይኖሩ ነበር። ከሳንቃበር ተነሥተን፣ የጅንባር ፏፏቴን አሻግረን አይተን፣ ወንዙን ተሻግረን ወደ ላይ ስንወጣ ግማሽ ቀን አለፈ። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። አሥር እርምጃ ሄደን እንቆማለን፤ ጭንቅላታችን ይወቀራል። በሱረቱል አንዓም ልቡ የጠበበ ሰው ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ሰው መመሰሉን ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! ያን ቀን ደረታችን ራሱ ተፍሲር ሆነን። የጫነልን በቅሎ ነጂ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ እያፏጨ ይወጣ ነበር።

ብርዱና ምድጃው

የተቀበለን ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ከብቶቹ ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። አባወራው በደጃፉ ቆመው "የማን እንግዶች ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። የነጋዴውን ስም ስንጠራላቸው ሌላ ጥያቄ አላስከተሉም። "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው" አሉን፤ ጥቂት ቆይተንም ከውጭ ቢላዋ ሲሞረድ ሰማን። "ጋሼ፣ ኧረ አይሆንም፣ ስንቅ ይዘናል" ብንል ማን ሰምቶን! በጉ ታርዶ ነበር።

ባልና ሚስት ሆነን መሄዳችን ቤቱን በሁለት በኩል ከፈተልን። አንዳችን ከወንዶቹ ጋር በመደቡ ላይ፣ ሌላችን ከሴቶቹ ጋር በምድጃው ዙሪያ ተቀመጥን። ማታ ማታ ባናችን ውስጥ ተጠቅልለን በየበኩላችን ያየነውንና የሰማነውን እናገናኛለን። ይህ ጽሑፍም ከሁለቱ ወሬ የተገመደ ነው። ከምድጃው በኩል ሆኖ ያየ ባይኖር ኖሮ የምንጽፈው ስለ ዋልያ ቀንድ ብቻ ይሆን ነበር።

ራቱ የገብስ እንጀራ በበግ ወጥ፣ ከዚያም ትኩስ ወተት ነበር። በዚያ ከፍታ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የፈላ ሁሉ ቶሎ አይበስልም፣ ማገዶም ይበላል። ማገዶው ደግሞ ኩበትና የአስታ ጭራሮ ነው። አስታውን እንዳይቆርጡ የፓርኩ ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ኩበቱን ቢያነዱት ማሳው ፍግ ያጣል። እመቤቲቱ ኩበቱን እንደ ገንዘብ ቆጥረው ያወጡት ነበር።

በማግስቱ ለሱብሒ ስንነሣ ደጁ በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ለዉዱእ ሙቅ ውሃ በጀበና ቀረበልን። እኛም በእንግድነት ወግ አመስግነን ታጠብንና ከአባወራው ጋር ወሬ ጀመርን። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርቱ ብርድ ሌሊት ትጥበት ግድ ሲሆንባቸው፣ ለነፍሳቸው ፈርተው በተየሙም ማሰገዳቸውንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን ሰምተው ከመሳቅ በቀር ምንም አለማለታቸውን አነሣን። ጋሼ በጥሞና ሰምተው "ደግ ተናገራችሁ። ግን ውሃ ማሞቅ የሚችል ሰው ምን ተየሙም አለው?" አሉን። እውነት ነው፤ ፊቅሁም ይኸው ነው።

ያላወቅነው ነገር በሁለተኛው ሌሊት መጨረሻ ተገለጠልን። ከሁለታችን አንዳችን ቀድሞ ነቅቶ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ ጋሼና ልጆቻቸው ከእንስራ በተቀዳ በረዶ በሚመስል ውሃ ዉዱእ ሲያደርጉ አየ። ጀበናው የእንግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በካልሲያችን ላይ ማበስ ለመንገደኛ ሦስት ቀን የተፈቀደ መሆኑን ተጠቅመን፣ ለእግራችን የሚሆነውን ሙቅ ውሃ አስቀረንላቸው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን በዚያ ቤት ለእኛ ሲባል ምን ምን እንደሚከፈል መጠርጠር የጀመርነው ከዚያች ጀበና ነው።

ገደል ፊት መስገድ

ሁለተኛውን ቀን እሜት ጎጎ በተባለው አፋፍ ላይ ዋልን፤ ከፍታው 3,926 ሜትር ነው። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ፣ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ እኛ ስናልፍ ቀና ብለውም አያዩንም። ከዚያ ወዲያ ምድር ያበቃል። ተራራው በቢላዋ እንደተቆረጠ ዳቦ ወደ ታች ይወርድና በቆላው ላይ ሾጣጣ ዐለቶች ቆመው ይታያሉ።

የዙህር ሰዓት ሲደርስ ቂብላን ፈለግን። መካ ከዚያ ቦታ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ ገደሉም ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ በእሜት ጎጎ የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ጥልቁ ያዞራል። መስገጃችንን ከጫፉ ብዙ እርምጃ አርቀን አነጠፍን፤ ሙሳፊር ነንና ሁለት ረከዓ ሰገድን። ግንባራችን መሬት ሲነካ ከፊታችን ያለው አየር ብቻ መሆኑን እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በከተማ መስጊድ ምንጣፍ ላይ ልባችን ሲባዝን ያቺን ሱጁድ እናስታውሳለን።

ስንመለስ መንደሩን በደንብ አየነው። ሕፃናት ወንጭፍ ይዘው ገብሱን ከጭላዳ ሲጠብቁ የቆዩበት የድንጋይ ክምር፣ ውርጭ የመታው የማሳ ጥግ፣ እስከ ሥሩ የተጋጠ የግጦሽ ሜዳ። የውጭ አገር ጎብኚዎች ቡድን አለፈ፤ አንድ ቤት ገብተው ቡና ጠጥተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ጥቂት ብር ሰጥተው ወጡ። እኛ በልባችን "እኛስ እንደ ቤተሰብ ነን" ብለን ኮራን። ኩራታችን አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቆየው።

"ኪራይ አለቀ?"

አምስት ቀን ልንቆይ አስበን ነበር። በሦስተኛው ማታ በምድጃው ዙሪያ የቀረው ሥጋ ሲወጣ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ እናቱን "ኪራይ አለቀ?" ብሎ ጠየቀ። እናቱ በዓይን ገሠጹት። ታላቅ እህቱ አንገቷን ደፋች። ከእኛ ወገን በምድጃው ዘንድ የነበረችው፣ ነገሩ የቤት ኪራይ መስሏት "በዚህ አገርም ኪራይ አለ እንዴ?" ብላ ሣቀች። ልጁም "ኪራይ በጋችን ነዋ!" አላት።

እመቤቲቱ ነገሩን ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ ኋላ ግን ቀስ በቀስ ወጣ። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ነች። ለዘጠነኛ ክፍል ደባርቅ መውረድ አለባት፤ ደባርቅ ለመማር ደግሞ ክፍል መከራየት የግድ ነው። ስለዚህ አንድ ሙክት ለዒድ አልፊጥር ገበያ ተለይቶ ይቀለብ ነበር። ልጆቹ ስሙን "ኪራይ" ብለው አወጡለት። ውርጭ ገብሱን በመታው በዚያ ዓመት ቤቱ ሌላ የሚሸጥ ሙክት አልነበረውም። የመጀመሪያው ማታ የበላነው እሱን ነው። ሁለት መምህራን የአንዲት ተማሪን ዘጠነኛ ክፍል በእንጀራ ጠቅልለን በልተን "ሹክራን" ብለናል።

ያን ሌሊት አልተኛንም። አቡ ሹረይሕ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ተማሪ ሆነን በቃላችን የያዝነው ነው። የእንግዳ ልዩ መስተንግዶ አንድ ቀንና ሌሊት፣ እንግድነት ሦስት ቀን፣ ከዚያ በላይ የሆነው ሶደቃ ነው። ሁልጊዜ የምናስተምረው እስከዚህ ነበር። ሐዲሱ ግን አላለቀም። እንግዳ አስተናጋጁን ኃጢአት ላይ እስኪጥል ድረስ መቆየት እንደማይፈቀድለት ይቀጥላል፤ ሶሓቦች እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁም፣ የሚያስተናግድበት ሳይኖረው እሱ ዘንድ መሰንበት ነው ተብሎ ተመልሶላቸዋል። ያንን ግማሽ የሚያስተምረን ባለወንጭፍ ሕፃን ሆነ።

ጧት ሌላ ጥፋት ጨመርን፤ ብር አውጥተን ለጋሼ ዘረጋን። ፊታቸው ተለወጠ። "ኡስታዝ፣ እንግዳ የምንቀበለው ለአላህ ብለን ነው። ለአላህ ያልነውን ለእናንተ እንሽጠው?" አሉ። መልስ አልነበረንም። ብሩን መልሰን ከተትን፤ እጃችን ግን የት እንደሚገባ አላወቀም።

ቆይተን፣ የበለጠ አስበን፣ እንዲህ አልናቸው። "ጋሼ፣ እንግድነት ተራ ነው። እኛ የእርስዎን ቤት በልተናል። አላህ ፈቅዶ ልጅዎ ስምንተኛን ስታልፍ እሷ ደግሞ ጎንደር የእኛ እንግዳ ትሁን። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው።" ጋሼ ዝም ብለው ወደ ሚስታቸው ተመለከቱ። የመለሱልን እትዬ ናቸው፤ "ቁርኣኗን እንዳታስተዋት" ብቻ አሉ። በዚያው ተነሥተን ተሰናበትን። አምስት ቀን መሆኑ ቀረ።

እንግዳ መሆንም ከባድ ነው

ልጅቱ በመስከረም 2007 መጣች። ይህን የምንጽፈው ውለታ ዋልን ለማለት አይደለም፤ ዕዳ የከፈለ ሰው አይመሰገንም። ደግሞም ያሰብነው ያህል ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን ወር ከእኛ ጋር በማዕድ ስትቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ "ጠገብኩ" ትላለች። ሳትጠየቅ ውሃ ትቀዳለች፤ ሌሊት ተነሥታ ልብስ ታጥባለች። "ቤትሽ ነው" እንላት ነበር፤ እሷ ግን ያንን ቃል ራሷ ስንቱን እንግዳ ስትለው ያደገች ናትና ልኩን ታውቀዋለች። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብታ "ርቦኛል" ስትል ሁለታችንም ተያይተን ፈገግ አልን። እኛ በግጭ ሦስት ቀን በክብር ተቀምጠን ያልቀመስነውን የእንግድነት ምሬት እሷ ስድስት ወር ቀመሰችው።

ተራራውስ የማን ነው?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ የዋልያ ቁጥር በማሽቆልቆሉና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ግጭ ደግሞ በፓርኩ ውስጥ ነበረች። ከረጅም ውይይት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከአራት መቶ በላይ የሆኑ የግጭ ቤተሰቦች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የተጋጠውን ሜዳ በዓይናችን ስላየን ሣሩ ማረፍ አልነበረበትም አንልም። ዋልያም የአላህ ፍጥረት ነው፣ መብት አለው። ዳሩ ግን ጉዳዩን "ፓርኩ ዳነ" ብለን ስንናገር፣ ለዚያ መዳን በጉን ያረደው ማን እንደሆነ መዘንጋት አይገባም።

የጋሼም ቤተሰብ ወረደ። ልጃቸው አሥረኛ ክፍልን ጎንደር ጨርሳ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ኪራይ አላስፈለጋትም።

በ2011 ዓ.ም. ደባርቅ ሄደን ጠየቅናቸው። ያን ጊዜ ትምህርት አግኝተን ስለነበር ቡና፣ ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ሐድያ ብለን ይዘን ገባን፤ ሐድያ ደግሞ የሚመልሱት ነገር አይደለም። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ከብት የለበትምና ማታ ይቀዘቅዛል። ወተቱ ከሱቅ ተገዝቶ መጣ። ጋሼ ብርጭቆውን እያቀረቡ "እዚያ እንግዳ ሲመጣ በጉን ከበረት እንመርጥ ነበር። እዚህ ብሩን ከኪስ እንቆጥራለን" አሉን። አረጁብን። እትዬ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። "እሱ ሜዳው ይናፍቀዋል። እኔ ግን ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ መንገድ ላይ ያለፈችውን አልረሳም። እዚህ ሐኪም ቤቱ በእግር ነው፤ ትንሹም ልጄ ኪራይ ሳይከፍል ይማራል።" ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት እውነት ተቀምጦ አብሮ ቡና ሲጠጣ አየን።

ለመንገደኛ ጥቂት ምክር

ውድ አንባብያን፣ በአገራችን ደጋ ሁሉ፣ በሰሜንም ይሁን በባሌ ወይም በወሎ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድር ሰው አይጠፋም፤ ዘመድ ጥየቃ ቢሆን፣ ዚያራ ቢሆን ወይም ሥራ። ከእኛ ስህተት ተማሩ።

አንደኛ፣ እዚያ የማይበቅለውን ይዛችሁ ሂዱ። ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨውና ክብሪት ለደጋ ቤት ከብር ይሻላሉ። ስትገቡ ስጡ እንጂ ስትወጡ አትስጡ፤ ስትገቡ ሐድያ ነው፣ ስትወጡ ግን ሒሳብ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ቢላዋ ከመሞረዱ በፊት ተናገሩ። "ሥጋ አይስማማንም፣ ወተት እንወዳለን" ማለት የሚቻለው እውነት ሲሆን ነው፤ ካልሆነ "ለአላህ ብላችሁ ዛሬ አትረዱ" ብሎ መለመን ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማገዶና ውሃ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ለእናንተ የሚሞቀው ጀበና የማን ድርሻ እንደሆነ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ሴቶችና ልጆች የሚሉትን አድምጡ። የቤቱን ክብር አባወራው ይነግራችኋል፤ የቤቱን ጓዳ ግን ምድጃው ነው የሚያውቀው።

አምስተኛ፣ ሦስት ቀን ሦስት ቀን ነው። ቤቱ ካጣ ደግሞ አንድ ቀንም ይበዛል።

ስድስተኛ፣ ቤታችሁን ክፈቱ። ደጋ ላይ ያበላን ሰው ከተማ ሲወርድ ሆቴል ካሳየነው፣ እንግድነታችን ብድር ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ የራሷ ትዳርና ቤት አላት። ባለፈው ዒድ ጠርታን ሄድን። የገብስ እንጀራ ጋግራ ጠበቀችን። የሦስት ዓመት ልጇ በጉልበታችን ላይ ወጥቶ "ስንት ቀን ታድራላችሁ?" አለን። "ሦስት" አልነው። እናቱ ከጓዳ ሆና ሰምታን ሣቀች፤ እንዲህም አለችን፦ "እናንተማ እንግዶች አይደላችሁም፤ አትቁጠሩ።"

አላህ (ሱ.ወ.) ላበሉንና ላሳደሩን ሁሉ ሲሳያቸውን ያስፋላቸው። ከተራራቸው ለወረዱት በአዲሱ መሬታቸው በረካ ይስጣቸው። እኛንም የአስተናጋጃችንን ድካም የምናይበት ዓይን አይንሳን። አሚን።